የአቦ ፈረስ በቴሌቪዥን

ቡታጅራ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለአስረስ ባዩ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እማዬ ደህና ናት፤ ባሌም ደህና ነው፤ እኔም ከወገቤ ሕመም በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። «ምነው ጠፋሽ?» ብለህ መቆጣትህ አሳቀኝ። ከመስቀል ወዲህ ሦስት ደብዳቤ ጽፌልህ አንዱን ብቻ የመለስከው አንተ ነህ። ደግሞ ለመጥፋቴ ምክንያት አለኝ፤ ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ፣ ጎንበስ ማለት አልችልም። ይህንንም የምጽፍልህ ወረቀቱን ሆዴ ላይ አስደግፌ ነው። ፊደሉ ቢጣመም የሚራገጠው ልጅ ጥፋት ነው።

አሁን ወሬ ልንገርህ። ቡታጅራ ቴሌቪዥን ገባ! አቶ ፈቃደ ከአዲስ አበባ ገዝቶ ሆቴሉ ውስጥ አቆመው። «እዚያ ድረስ አይስብም» ብለውት ነበር አሉ። እሱ ግን አንቴናውን ከግቢው ረጅም ባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ አሰቀለና ነፋስ በሌለበት ቀን ሰው ከነሽፋሽፍቱ ይታያል። ነፋስ ከመጣ ግን ምስሉ ሁሉ እንደ በረዶ ነጭ ነው። እሑድ ጀንበር ስትጠልቅ ሻይ የገዛ ሁሉ ይገባል።

የምናየው «የእሑድ ዕጣ» የሚሉትን ተከታታይ ድራማ ነው። በጃንሜዳ የፈረስ እሽቅድምድም መወራረድ የለመደ ዘለቀ የሚባል የቢሮ ጸሐፊ አለ። መጀመሪያ ሰዓቱን አስያዘ፣ ቀጥሎ የሚስቱን የአንገት ሐብል፤ አሁን ዓይኑን ቤቱ ላይ ጥሏል። የተመልካቹን አስተያየት ብትሰማ ድራማውን ትተወዋለህ። ጎጃሜው መምህር ካሳሁን «ትምህርት ሰጪ ነው፣ ግን አማርኛው ተበላሽቷል» ይላል። ወይዘሮ አዛለች የዘለቀ ሚስት ባለቀሰች ቁጥር ወንበሯን ወደ ቴሌቪዥኑ እየጎተተች «ተነሺ! ወደ አባትሽ ቤት ሂጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?» እያለች ትጮህባታለች። ባለጋሪው ሰይዶ ደግሞ የሰዎቹ ነገር አይገደውም። «ፈረሶቹን ቀረብ አድርጋችሁ አሳዩን እንጂ!» ይላል። እስካሁን ከሩቅ ብቻ ነው ያየናቸው።

እማዬ ከቤት አትወጣም። ሆዴ ላይ እጇን ጭና አቦን ስታመሰግን ነው የምትውለው። ሁለት ጊዜ በአራተኛው ወር እንደወረደብኝ ታውቃለህ። «ይህን አራተኛ ወር አሻግርልኝ እንጂ የሟቹን ባሌን ፈረስ ቦራን ለደጅህ አስገባለሁ» ብላ ተስላ፣ ይኸው ተሻገርኩ። አንተም ለመስቀል መጥተህ ስትመለስ ቦራን ዋሻ አቦ ገዳም አድርሰህ ስለቷን ስላስገባህላት ምርቃቱ ሁሉ የአንተ ነው። ብቻ አንድ ነገር ለምናሃለች። ማን እንደተቀበለህ፣ ቦራም ስትለየው ምን እንዳደረገ በዝርዝር ጻፍላት፤ አነብላታለሁ።

እህትህ ሰገነት


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ሰገነት፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራ ብቻ በዝቶብኛል። ለልጁ የምትሆን ትንሽ ሻል በፈቃደ መኪና ልኬአለሁ።

ቴሌቪዥን መግባቱ ለከተማችን ጥሩ ነው። ሆኖም አንድ ሐኪም ወዳጄ ሲናገር እንደሰማሁት ከሳጥኑ የሚወጣው ጨረር ለነፍሰ ጡር እጅግ አደገኛ ነው። ከእንግዲህ እንዳትሄጂ፣ በልጅሽ ይሁንብሽ። እማዬንም በጭራሽ እንዳትወስጃት፤ ዓይኗን ይጎዳታል። ደግሞም ያ የምትዪው ድራማ ርካሽ ነገር ነው። እኔ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።

ስለ ቦራ የጠየቅሽኝ፣ በሰላም ደርሷል። ቸኩዬ ስለነበር ብዙ አላየሁም። የቀረውን ስመጣ ለእማዬ በቃሌ አጫውታታለሁ።

ወንድምሽ አስረስ


ቡታጅራ፣ ጥር 2 ቀን 1964 ዓ.ም.

አስረስ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ሻሉ ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። የሐኪም ወዳጅህን ምክር ለኃይሌ አነበብኩለት። ባሌ ስድስት ዓመት በጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆኖ ሲሠራ ስለ እንዲህ ያለ ጨረር ሰምቶ አያውቅም፤ ሲስቅ ሻዩ በአፍንጫው ወጣ። አይተኸው የማታውቀው ድራማ ርካሽ መሆኑን ማን እንደነገረህም ጠይቆኛል።

ስለዚህ ሄድኩ። ባልሄድ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት ወዲያ እሑድ ዘለቀ ቤቱን አስያዘና ተበላ። ሚስቱ ሰምታ ጃንሜዳ ድረስ መጣች፤ አጥሩ ሥር ወድቃ ደረቷን እየመታች ሙሾ አወጣች። ወይዘሮ አዛለችም አብራ ታለቅስ ጀመር። ከሴትዮዋ ጀርባ አንድ ሰው ፈረስ በልጓም ይዞ ቆሟል፤ ባርኔጣው ፊቱን ጋርዶታል። ለቅሶው ሲበረታ ፈረሱ አንገቱን ደፋ። ከቆመበት ተነሥቶ ወደ ግራ ዞረ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ቆመና በቀኝ እግሩ መሬቱን ጫረ።

ሻይ የያዘ ሁሉ ሻዩን እንደያዘ ቀረ። ሰይዶ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣና «ወላሂ! ይህ የግራዝማች ባዩ ቦራ ነው! ያንን ኮቴ ስምንት ዓመት የጠረብኩት እኔ ነኝ!» አለ።

አስረስ፣ በአባባ ልቅሶ ልጓሙን የያዝከው አንተ ነበርክ። ካባውንና ጠመንጃውን ጭነን ሜዳውን ሦስት ጊዜ አዞርከው፤ በሦስተኛው ቆሞ መሬት ጫረ፣ ሰው ሁሉ ጉድ አለ። ከዚያ ወዲህ በሰፈር የሙሾ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ጋጣው ውስጥ ብቻውን ይዞር እንደነበር ቡታጅራ የማያውቅ የለም። በግንባሩ ላይ ያለው ነጭም እዚያው ነበር፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም «ቦራ ገዳም ነው። ወንድሜ አድርሶታል» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ወዲያው ነፋስ መጣና ሁሉም በረዶ ሆነ።

እግዚአብሔር ያሳይህ፣ መስሏችሁ ነው በለኝ። ስለት የተበላበት ቤት ምን እንደሚደርስበት አንተም ታውቃለህ። ስለቱ ለዚህ ለሚራገጠው ልጅ ነው። እማዬ አልነበረችም፣ አልሰማችምም።

ሰገነት


አዲስ አበባ፣ ጥር 11 ቀን 1964 ዓ.ም.

እትዬ፤

ነገሩ አስገርሞኛል። በአገሩ ግንባሩ ነጭ የሆነ ቦራ ፈረስ ሞልቷል። ልቅሶ የለመደም ፈረስ ብዙ ነው። ሰይዶ ሰው ፊት መናገር ይወዳል፤ እሱን ሰምተሽ እኔን መጠራጠርሽ አሳዝኖኛል። ፈረሱን በገዳሙ የተቀበሉኝ አባ ኪሮስ የሚባሉ ሽማግሌ መነኩሴ ናቸው። ይኸው ስማቸውን ነገርኩሽ።

እባክሽ አትጨነቂ፤ መጨነቅ ለልጁ ጥሩ አይደለም። እማዬ አላየችም ብለሻል፤ አሁንም አላየችም? ይህን ብቻ በቶሎ ጻፊልኝ።

አስረስ


ቡታጅራ፣ ጥር 23 ቀን 1964 ዓ.ም.

አስረስ ባዩ፤

ኃይሌ ፈቃድ ወስዶ በአውቶቡስ ቡኢ፣ ከቡኢ በእግሩ ዋሻ አቦ ሄደ። አባ ኪሮስ የሚባል መነኩሴ በገዳሙ የለም፣ ኖሮም አያውቅም። በመስቀል ሰሞን የገባ ፈረስ የለም። የዕቃ ቤቱ መነኩሴ የዓመቱን ስለት አንድ በአንድ ቆጠሩለት። ሁለት ጃንጥላ፣ አንድ መጋረጃ፣ ሻማ፣ ጧፍ፣ ሰባት በግ። ፈረስ የለም።

ውሸት ዋሽተኸኝ ታውቃለህ፤ ልጅ ሆነን የሰበርከውን ሁሉ ድመት ሰበረው ትል ነበር። የሌለ መነኩሴ ግን ትፈጥራለህ ብዬ አላሰብኩም። 

የተመልካች አስተያየት ልንገርህ? ድራማው አሁን የቡታጅራ ሆኗል። ፈቃደ ወንበር ጨመረ፤ ከእንሴኖ ድረስ እየመጡ ነው። ሰው ዘለቀን ትቶ ቦራን ነው የሚያየው። ጭራሽ ቦራ ይቀድማል አይቀድምም ብለው ሻይ ይወራረዳሉ፤ መምህር ካሳሁንም ሁለት ሻይ አሲዞ ሲበላ አየሁት። ዘለቀን በተመለከተ ሁሉም አንድ ቃል ነው። «ሊወገር ይገባዋል» አሉ። ወይዘሮ አዛለች «ይህን የመሰለ ሰው እናት የለውም? እህት የለውም?» ስትል እኔ አጠገቧ ነበርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ልጁ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ዝም ብሎኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ቀስ ብሎ ነካ አደረገኝ፤ እንደ ድሮው ግን አይደለም። ኃይሌ በጆሮ ማዳመጫው አዳምጦ «ልቡ ይመታል» ይለኛል። እኔን ለማጽናናት ይሁን እውነቱን ይሁን አላውቅም። ፈራሁ፣ አስረስ። በሕይወቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ስለ እማዬ ጠይቀኸኛል። ደህና ናት። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።

ቦራ የት ነው? ለማን ሰጠኸው? ለምን? እውነቱን ጻፍ፤ ካልሆነ አትጻፍ። ሻልም ምንም አትላክ።

ሰገነት


አዲስ አበባ፣ የካቲት 2 ቀን 1964 ዓ.ም.

እትዬ፤

ሰላም ልልሽ አፍሬአለሁ።

ቡኢ ስደርስ ወደ ገዳሙ መታጠፍ ነበረብኝ። አልታጠፍኩም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ጃንሜዳ ሄጃለሁ፤ ይህን አታውቂም። አጥሩ ላይ ተደግፌ «የአባባ ቦራ እዚህ ቢሆን ሁሉንም ይቀድም ነበር» እያልኩ ነው የኖርኩት። ያን ቀን ቦራ በእጄ ነው። አንድ እሑድ ብቻ፣ ከዚያ ለአቦ እመልሰዋለሁ አልኩ። ከሳምንት በኋላ ስለቱ ቢደርስ አቦ ምን ይለኛል ብዬ አሰብኩ። የማስይዘው ገንዘብ አልነበረኝም። አንድ የጃንሜዳ ባለጋጣ «ፈረሱን ራሱን አስይዝ» አለኝ።

አራተኛ ወጣ። ቦራ ልቅሶ የለመደ የሽማግሌ ፈረስ ነው፤ እሽቅድምድም የት ያውቃል? ይህ የገባኝ ልጓሙን ከእጄ ሲወስዱት ነው።

ከኅዳር ጀምሮ ቦራን ለማስመለስ ከቢሮ መልስ የሰውዬውን ጋጣ እጠርጋለሁ። የቴሌቪዥን ሰዎች ፈረሶቹን ለድራማ ተከራዩት። ድራማው ሲያልቅ ቦራን ሊመልስልኝ ቃል ሰጥቶኛል፤ እስከዚያ ግን እጁ ላይ ነው። ቴሌቪዥን ቡታጅራ ይደርሳል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ደብዳቤሽ ሲመጣ ቢሮ ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ባርኔጣው ፊቱን ጋርዶታል ያልሽው፣ ልጓሙን የያዘው ሰው እኔ ነበርኩ። ያቺ ተዋናይ ሙሾ ስታወጣ ቦራ መዞር ጀመረ። ያዘው ብለው ጮኹብኝ። እጄ እምቢ አለኝ፤ አብሬው ዞርኩ። አባባን እንደገና የቀበርኩት መሰለኝ። እነሱ ወደዱት፣ «ተወው፣ እንዲሁ ይታይ» አሉ።

እስከ መጋቢት አምስት፣ እስከ አቦ ክብረ በዓል፣ ቦራን በእግሬ እየነዳሁ ደጁ አደርሰዋለሁ። በአባባ አጥንት እምልልሻለሁ። ልጅሽን አቦ ይጠብቅልሽ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በእኔ ላይ ይሁን። ለእማዬ እኔ ራሴ መጥቼ እግሯ ላይ ወድቄ እስክነግራት አንቺ ምንም አትበያት። ደህና ናት ማለትሽ አልገባኝም። ታማለች እንዴ?

አስረስ


ቡታጅራ፣ የካቲት 24 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአስረስ፤

የካቲት አሥራ ስምንት ቀን ማርያም ማረችኝ። ወንድ ነው። ሲወለድ አላለቀሰም ነበር፤ ኃይሌ እግሮቹን ይዞ አንጠልጥሎ ጀርባውን መታው። ከዚያ ጮኸ፣ እስከ ዛሬም ዝም አላለም። ጡት ይጠባል፣ ይተኛል። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩልህ የሚቀጥለውን እንድትችለው ነው።

ላንተ የደበቅኩት ነገር አለ። አዝዛ እንድደብቅ ያደረገችኝ እማዬ ናት፤ «ልጁ ሳይወለድ እንዳትጽፊለት፣ መጥቶ ያስቀረኛል» ብላኝ ነው።

ጥር አሥራ አራት፣ እሑድ፣ ነጠላዋን ለብሳ «ውሰጂኝ» አለችኝ። ከማን እንደሰማች አላውቅም፤ ከተማው ሁሉ እያወራ እሷ እንዴት አትሰማም? ፈቃደ ሆቴል ስንገባ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ፊት ለፊት ወንበር ለቀቀላት።  ቦራ ወጣ፤ ሲያስሮጡት፣ ሲያቆሙት፣ ዘለቀ አንገቱን ሲደባብሰው አየች።  ሲያልቅ «አርጅቷል» ብቻ አለች።

ቤት ስንደርስ ስጮህ፣ ልረግምህ ስል፣ አፌን በእጇ ያዘችው። «አስረስን አትርገሚው። ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ያጎደለውን እኔ እሞላለሁ። ልጅሽ እስኪወለድ ፈረስ ስጠብቅ አልቀመጥም» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ በማግስቱ ልብሷን ሁሉ ለጎረቤታችን ለእነ ሃሊማና ለአዛለች ስታከፋፍል ነው።

ኃይሌ ገዳም የሄደው ብቻውን አልነበረም። እሷን ይዞ ነው የሄደው።

ተማጸንኳት። «ሌላ ፈረስ እንገዛለን» አልኳት። «የተሳልኩት ካለኝ ሁሉ ትልቁን ነው፤ አሁን የቀረኝ ትልቅ ነገር እኔው ነኝ» አለችኝ። የካቲት አምስት፣ በአቦ ቀን፣ ሰሌን ላይ አስተኝተው ነጭ ጨርቅ አልብሰው፣ በሕይወት እያለች ፍትሐት ፈቱላት። እንደ ሞተ ሰው። ኃይሌ ዳግመኛ ሄዶ ቆሞ አይቷል። ቆብ ደፍታለች፤ ስሟም ተለውጧል፣ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ናት። ልጄ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ተወለደ።

ቡታጅራ ግራ ገብቶታል። አንዳንዱ «ማርያም እንኳን ማረችሽ» ለማለት ገንፎ ይዞ ይገባና ልቅሶ ቤት እንደመጣ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። እኔም ለየትኛው እንደምመልስ አላውቅም። እናቴ ያለችኝም የሞተችብኝም ሴት ሆኛለሁ።

ድራማው አልቋል፤ አራስ ስለሆንኩ አላየሁትም። አዛለች እንደነገረችኝ ዘለቀ በመጨረሻው እሽቅድምድም አሸንፎ ቤቱም ሚስቱም ተመለሱለት። ሰው ቆሞ አጨበጨበ፤ መምህር ካሳሁንም ለቴሌቪዥን መሥሪያ ቤት የምስጋና ደብዳቤ ጽፏል። አዛለች ግን «ውሸታሞች!» ብላ ሻይዋን ሳትጨርስ ወጣች።

ፈረሱን አድርስ፣ ቃልህ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ና። አልረገምኩህም፤ ገና ግን ላይህ አልቻልኩም። ስትመጣ አውቃለሁ።

እህትህ ሰገነት


ቡኢ፣ መጋቢት 6 ቀን 1964 ዓ.ም.

እትዬ፤

እንኳን ማርያም ማረችሽ። ለልጁ ዕድሜ ይስጥልኝ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከጋጣው ልወጣ ስል ልጓም በእጄ ይዤ ነው። ኪሴ ከትቼው አራት ቀን በእግሬ ተጓዝኩ። ቦራ ላይ አልተቀመጥኩም። መንገድ ላይ ሰው ሲያገኘኝ «የስለት ፈረስ ነው?» ይለኛል፤ አዎ ብዬ አንገቴን እደፋለሁ።

ትናንት በክብረ በዓሉ ማለዳ ደረስኩ። በር ጠባቂው መነኩሴ የማን ስለት ነው ብለው ጠየቁኝ። የእናቴ የወይዘሮ የሺመቤት፣ የቡታጅራዋ አልኩ።  «የእሷ ስለት ደርሷል። በሰው ደርሷል፤ ሁለተኛ አንቀበልበትም። የራስህ ስጦታ ከሆነ ግን አስገባው» አሉኝ።  በአዎንታ አንገቴን ነቀነቅሁ፤ ከወንዙ እንዳጠጣው ነግረውኝ በሩን ከፈቱልኝ።

ከወንዙ ሴት መነኮሳት ውኃ በእንስራ ተሸክመው ሲወጡ አገኘኋቸው። ከኋላ የነበረችው እሷ ናት። ከስታለች። እንስራው ጀርባዋን አጉብጦታል፤ ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፣ አልሰጠችኝም። እግሯ ላይ ወደቅሁ። እማዬ አልኳት። ሌሎቹ ቆመው ያዩናል። እሷ እኔን አየች፣ ቦራን አየች፤ ፊቷ አልተለወጠም። አለቀሰች ብዬ ብጽፍልሽ ውሸት ይሆንብኛል፤ መዋሸት ደግሞ ትቻለሁ።

«ተነሥ ወንድሜ» አለችኝ። እናቴ ናት ወንድሜ ያለችኝ፣ እትዬ። «ከሩቅ መጥተሃል፣ ደክሞሃል። የክርስትና ስምህን ንገረኝ፣ በጸሎት አስብሃለሁ።»

ነገርኳት።

አስረስ